የቀያጩ ምላስ

«ምላሱንም አብረን ቀበርነው» አለ ነጋዴው፣ ብርጭቆውን ገፋ አድርጎ።

ለቅሶ ቤት ናቸው፤ ወይን ቀያጩ ከተቀበረ ሦስተኛው ቀን ነው። ሚስቲቱ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ታዳምጣለች። ነጋዴው የቀመሰው ከተራራው አናት፣ ብርድ ከሚቆረጥመው እርሻ ከተለቀመ ወይን የተጠመቀውን ቀይ የወይን ጠጅ ነው። ለብቻው ሲጠጣ ምላስ ይሞርዳል። ከተራራው ወገብ የሚለቀመው ደግሞ ይጣፍጣል እንጂ አጥንት የለውም። ሁለቱን በልኩ ቀይጦ አንድ የሚያደርጋቸው ሟቹ ነበር።

«እንዳለ ይውሰዱት፤ ለኮምጣጤም ቢሆን» አለ የሟቹ ወንድም። «እሱን የሚተካ የለም።»

«ምን ይተካዋል!» አለች አንዲት ጎረቤት። «በርሜሉን ከሩቅ አይቶ ልኩን ይናገር ነበር እኮ።»

«ከሩቅማ እኔም እናገራለሁ» አለ በርሜል ሠሪው፤ «የሚሰማኝ አጣሁ እንጂ።»

ሰዉ ፈገግ አለ። ሚስቲቱ አቀረቀረች።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ትኩሳት ባሏን ማሽተትና መቅመስ ነጥቆት ነበር። ከአልጋ በተነሣ ሰሞን ሾርባው አርሮ ቤቱ ሲከረፋ፣ እሱ «ዛሬስ ምን ሠራሽልኝ?» እያለ ገባ። ተያዩ። «ይህን ሆድ ይፍጀው» አላት። ሆዳቸው ፈጀው።

ከዚያ ወዲህ ምድር ቤት ሲወርዱ የምትቀምሰው እሷ፣ የሚናገረው እሱ ሆነ። ሠራተኞቹ ብርጭቆ የምትይዝለት ይመስላቸው ነበር። አንድ ቀን፣ በጣቴ ምልክት ልስጥህ ብትለው ሳቀባት።

«ምን ሊያደርግልኝ? ፊትሽ አለ አይደል። የላይኛው ሲበዛ ግንባርሽ ይቋጠራል፤ ሲያንስ ከንፈርሽ ይላላል። ልክ ሲመጣ ደግሞ…»

«ልክ ሲመጣስ?»

«ያገባኋትን ልጅ ትመስያለሽ።»

ነጋዴው ባርኔጣውን አነሣ። ነገ ወይኑን የሚጭነው መኪና ይመጣል። አሁን ብትነሣ የባሏን ምስጢር ልታወጣ ነው፤ ብትቀመጥ የዓመት ድካሙ ኮምጣጤ ሊሆን።

«ጋሼ፣ እስኪ አንድ ጊዜ ይቆዩ» አለችና ተነሣች።

ነጋዴው ፊት ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን የላይኛውንና የታችኛውን ወይን ጠርሙሶች አንድ በአንድ አሸተተች። ከላይኛው ቀዳች፤ ከታችኛው ጨመረችበት። አሸተተች። ከላይኛው ጠብታ ያህል ደገመችና ለነጋዴው አቀበለችው።

ነጋዴው በአፉ አንከባለለው፤ ዋጠው።

«ራሱ ነው!» አለ። «እህቴ፣ ማን አስተማረሽ?»

የሟቹ ወንድም ወደ ጠርሙሶቹ ተጠጋ።

«እሱ ነዋ» አለች። «ሌላ ማን ያስተምረኛል?» ግማሹ እውነት ነበር።

ነጋዴው ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «በሉ እንዲህ ከሆነ ነገ አልጭንም፤ ቀይጠሽ ስትጨርሺ ጥሪኝ። እስኪ አንቺም ቅመሽው።»

ቀመሰችው። ልክ ነበር። ግንባሯ ሲፈታ፣ ከንፈሯ ሲሰበሰብ ተሰማት። ቀና ስትል ቤቱ ሙሉ ሰው ፊቷን ያያል።

ጥቁር ሻሿን በፊቷ ላይ እስከ አገጯ ሳበችው።