የአርጆው ማኅተም

«ኧረ ማኅተም በጣት አይታሽም!» አሉ የአርጆ ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ኦቦ ነገራ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «ሠላሳ ሦስት ዓመት እዚህ ስሠራ እንዲህ የሚያሽ ሰው አላየሁም።»

ፉአድ አልሰማቸውም። ግራ እጁ ከመደርደሪያው የወረደ መጽሐፍ ይዟል፤ ቀኝ እጁ ደግሞ ከመሣሪያ ቦርሳው ያወጣውን የራሱን፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ። ሁለቱም ላይ ክብ ሰማያዊ ማኅተም አለ። የእሱኛው ደብዝዞ የከተማው ስም ጨርሶ ጠፍቷል። የቀረው «የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት» የሚለው ጽሑፍና መሐል ላይ ያለችው ወደ ግራ ያዘነበለች አንዲት ዛፍ ብቻ ነው። በአርጆው ማኅተም ላይም ያችው ዛፍ አለች፣ እንዳዘነበለች።

ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስጠጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፉአድ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ነቀምቴ ገበያ ዳር ትንሽ ሱቅ ቢኖረውም እንጀራው ያለው መንገድ ላይ ነው። የየከተማው ልብስ ሰፊዎች ሲደውሉለት ካቻቢቴውንና የዘይት ጣሳውን ይዞ ብድግ ይላል። ሥራው ሲያልቅ ሌላው ሰው ቢሆን ሥጋ ቤት ይገባል። እሱ ግን የከተማይቱን አሮጌ ቤተ መጻሕፍት አጠያይቆ ነው የሚገባው። ባለቤቱ ኸይሪያ በዚህ ስቃ አትጠግብም። «የሰው ባል መንገድ ወጥቶ ማር ይዞ ይመጣል፤ የእኔው አቧራ ለብሶ ይመጣል!» ትላለች።

መጀመሪያ ላይ የሚሄደው መጽሐፉ ከየት እንደመጣ ለማወቅ፣ ማኅተሙን ፍለጋ ብቻ ነበር። ኋላ ነገሩ ሱስ ሆነበት፤ ምን ይደረግ! ከገበያው ጫጫታ፣ ከባጃጁ ጥሩምባ አምልጦ የእነዚያን ቤቶች ደፍ ሲያልፍ ሰውነቱ ሁሉ ይላላል። አንገር ጉቲን ከተማ ያገኘው ቤተ መጻሕፍት ሦስት መደርደሪያ ብቻ ነበረው። ያም ሆኖ በመስኮቱ የገባችውን የከሰዓት ፀሐይ እያየ፣ አንዲት መስመር ሳያነብ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጧል። ሌላ ከተማ ደግሞ አንዲት ተማሪ ደብተሯ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። አንባቢው ሁሉ እንዳይቀሰቅሳት ገጹን ቀስ አድርጎ ሲገልጥ አይቶ እሱም ቀስ ብሎ ገለጠ። እዚያ ማንም «ምን ልታዘዝ» አይልም፤ ማንም «ቶሎ በል» አይልም። አንባቢው ከሞተ ቆይቷል፤ በእርሳስ ያሰመረው መስመር ግን አለ። ፉአድ እንዲህ ያለ ቦታ ሲቀመጥ የማያውቃቸው ሰዎች አጠገቡ ያሉ ይመስለዋል፤ ደስም ይለዋል።

አሁንም የአርጆ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ያረጀው የእንጨት ወለል ከእግሩ ሥር ሲጥ እያለ፣ ሕልም ላይ ያለ መስሎታል።

«ይሄን መጽሐፍ ከየት አመጣኸው?» አሉት ኦቦ ነገራ።

«የአባቴ ነው። ማለቴ… ቤታችን ውስጥ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በሱ ነው።»

ስለ ባሕርና ስለ መርከብ የሚያወራ መጽሐፍ ነው። ፉአድ ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ አባቱም አላየም። አባቱ ፈድሉ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ የከተመ፣ አርጆን ጨምሮ በየከተማው ገበያ እየዞረ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። በሰባ ሰባት ዓ.ም. ለውትድርና ወጣት ሲታፈስ፣ ነቀምቴ መሐል መንገድ ላይ ያዙት። ዕድሜው ከሠላሳ ያለፈውን መታወቂያ እያዩ ይለቁት ነበር አሉ። ፈድሉ ሠላሳ አራት ሞልቶታል፤ ግን ፊቱ የልጅ ፊት ነው፣ ኪሱም ባዶ ነበር። መኪና ላይ ጫኑት። በዚያው ቀረ።

ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ማታ ደግሞ የፉአድ እናት ወለቴ የባሏን ኮት አጥባለች። ከኪሱ የላቆጠ ወረቀት ወጣ። መታወቂያው ነው አለች፤ በእጄ አጥቤ አጠፋሁት አለች። እነሆ አርባ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ትላለች። ማንም ሊያስተዋት አልቻለም። የቤቱን ሰው ልብስ ሁሉ ኪስ ሦስቴ ሳትፈትሽ ውኃ አታስነካም። ፉአድ መንገድ በወጣ ቁጥርም ከሰላምታ በፊት ጥያቄዋ አንድ ነው፤ «መታወቂያህን ይዘሃል?»

ብቸኛዋ የአባቱ ፎቶ የፉአድ ሱቅ አንድ ጊዜ ሲቃጠል አብራ ነዳለች። በቅርቡ ደግሞ እናቱ አንድ ቀን ከመሬት ተነሥታ፣ «ፊቱ እየጠፋብኝ ነው ልጄ» ብላ አለቀሰች።

«እንግዲህ ስማኝ» አሉ ኦቦ ነገራ። «መጽሐፉ የእኛ ከሆነ መታወቂያም አለ ማለት ነው።»

«የምን መታወቂያ?»

«የወሰደው ሰው ነዋ! ከዚህ ቤት መጽሐፍ ያለ መያዣ ወጥቶ አያውቅም። መታወቂያህን ትተዋለህ፣ መጽሐፉን ትወስዳለህ። መጽሐፉ ሲገባ መታወቂያህ ይወጣል። ከዱሮም ሕጉ ይሄው ነው።»

ፉአድ አግዳሚው ላይ ዝርግት አለ። 

ሽማግሌው ጠረጴዛቸውን ከፍተው ከመሳቢያው ጥግ በክር የታሰሩ መታወቂያዎች አወጡ። «መጽሐፍ ይዘው የቀሩ ናቸው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ሲያስረክበኝ፣ ‹አትጣል፣ ይመጣሉ› አለኝ። አንድም ሰው አልመጣም እንጂ እኔስ አልጣልኩም።» ክሩን ፈትተው አንድ ባንድ ያነቡ ጀመር። «ጉሉማ… አይደለም። ጫንያለው… አይደለም። አባትህ ማን ነበር ያልከኝ?»

«ፈድሉ። ፈድሉ ኸይረዲን።»

አራተኛው ላይ እጃቸው ቆመ። ወደ እሱ ገፉለት።

ጠርዙ የተበላ፣ ቢጫ የሆነ ካርቶን ነው። ሥራ፦ ነጋዴ። ዕድሜ፦ ሠላሳ አራት። ከጎኑ ከተለጠፈው ፎቶ አንድ ሰው ፊት ለፊት ያየዋል፤ ጆሮው ወጣ ያለ፣ ሳቁን አፍኖ የያዘ የሚመስል ሰው። ፉአድ አርባ አራት ዓመቱ ነው። አባቱ በአሥር ዓመት ያንሰዋል! እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ አላፈረም።

«አልታጠበም» አለ። «ኦቦ ነገራ፣ አልታጠበም! እዚህ ነበር!»

«ምኑ ነው የሚታጠበው?»

ነገራቸው። እናቱን፣ ኮቱን፣ የላቆጠውን ወረቀት። ያ ወረቀት ምን እንደነበር አላህ ይወቀው፤ መታወቂያው ግን አልነበረም። ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ያ ኢልማ ኮ!» አሉ፤ ኧረ ልጄ ማለታቸው ነው። «አርባ ዓመት! ምነው እናትህ አንድ ቀን እንኳ በዚህ ባለፉ!»

ፉአድ መታወቂያውን ወደ ደረት ኪሱ ሊከት ሲል ግን ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ መዳፍ ጠበቀው።

«መጽሐፉስ?»

«ኦቦ፣ ይሄን መጽሐፍ… ሌላ አምስት ላምጣልዎ። አሥር ላምጣ።»

«ልቤ አዝኖልሃል። ሕጉ ግን አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል ነው። ዛሬ ለአንተ ካላላሁት ለእነዚህ ለቀሩት ምን ብዬ እጠብቃለሁ?»

ፉአድ መጽሐፉን ገለጠ። «ሀ»ን ያየበት ገጽ፣ ልጅ ሆኖ መርከቡን በጣቱ የነዳበት ገጽ። ስድሳ አራተኛው ላይ የገጹ ጥግ ታጥፏል። አባቱ ያነበበው እስከዚያ ድረስ ነው። ፉአድ ያችን ጥግ አንድም ቀን ቀጥ አድርጓት አያውቅም። እዚያች መታጠፊያ ላይ አባቱ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ይመስለው ነበር።

ዘግቶ ለሽማግሌው ሰጣቸው።

ኦቦ ነገራ እንደ ልማዳቸው ገጾቹን ፈተሹ። «ይሄን ጥግ ያጠፈው ማን ነው? የታጠፈ ገጽ አልወድም» ብለው ጣታቸውን ሰደዱ። ከዚያ የፉአድን ዓይን አዩና እጃቸውን መለሱ። «ይቆይ ግዴለም» አሉ። ትልቁን የውሰት መዝገብ አምጥተው የፈድሉን መስመር ፈልገው አገኙ። የወሰደበት ቀን ተጽፏል፤ የመለሰበት ባዶ ነው። ብዕራቸውን አቀበሉት። ፉአድ የዛሬን ቀን ጽፎ ፈረመ።

«ለአንተም ሌላ መጽሐፍ ልስጥህ?» አሉት ሲሸኙት። «መታወቂያህን ትተህ።»

ፉአድ ሳቀ፤ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። «ዛሬ አይሆንም ኦቦ። እናቴን ይዣት ስመጣ እዚሁ ቁጭ ብለን እናነባለን። ስድሳ አምስተኛው ገጽ ላይ ነው የምንጀምረው። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ።»

ውጪ ዝናቡ አባርቷል። መንገዱ ዳር ሁለት ሚኒባስ ቆሟል፤ አንዱ በደሌ፣ አንዱ ነቀምቴ የሚሄድ። በደሌ ሦስት የተበላሹ የስፌት መኪናዎች ይጠብቁታል፣ ነገ ጠዋት እደርሳለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል። ረዳቱ «በደሌ! በደሌ! አንድ ሰው!» እያለ ቦርሳውን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ፉአድ ቦርሳውን ወደ ራሱ ሳበና የነቀምቴው ላይ ወጣ።

ሳይቀመጥ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናት።

«ልጄ፣ ዝናብ ነው አሉ እኮ እዚያ። መታወቂያህን ይዘሃል?»

ፉአድ የደረት ኪሱን በመዳፉ ያዘ።

«ይዣለሁ እማ» አላት። «ሁለት ይዣለሁ።»