ንግስት የጠበቀችው ክረምት

እሱባለው የንግስትን ሥራ የወሰደው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ለመደበቅ እንኳ አልደከመም።

ሁለቱም ጂማ አንድ ክፍል የተማሩ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ናቸው። ንግስት ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያደገች የፍርድ ቤት ጸሐፊ ልጅ ናት። ከተመረቀች በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ በእረፍት ቀኗ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የቡና አገር ሰቃ እየወረደች፣ የታመመ የቡና ቅጠልና ፍሬ ፎቶ እያነሳች፣ ገበሬውን እየጠየቀች አንድ የስልክ ፕሮግራም ሠራች። የግብርና ባለሙያ ማሳ ውስጥ ቆሞ ፍሬውን ከፎቶዎቹ ጋር ሲያመሳክር፣ በሽታው ምን እንደሆነና ምን መደረግ እንዳለበት በአማርኛና በኦሮምኛ ይነግረዋል። በገጠሩ እጅ ያለው ርካሽ አንድሮይድ ስልክ ስለሆነ የሠራችው ለእሱ ነበር። ኮዱንም ለማንም ክፍት አድርጋ ኢንተርኔት ላይ አወጣችው። አብሮት ያወጣችው የአጠቃቀም ፈቃድ ቃሉ አጭር ነው፦ ውሰዱ፣ አሻሽሉ፣ ከፈለጋችሁም ሽጡ፤ ብቻ የሠሪውን ስም አትፋቁ፣ ያሻሻላችሁትንም እንደዚሁ ክፍት አድርጉ።

እሱባለው ከተማሪነታቸው ጀምሮ በዚህ ነገር ይስቅባት ነበር።

"በነጻ የተሰጠ ነገር ማን ያከብራል?" ይላል አይፎኑን ጠረጴዛ ላይ እያሽከረከረ። "ይህን የሠሩት ቆልፈውት ነው የከበሩት።"

"እነሱም ብዙውን የተማሩት ሌሎች በነጻ ከሰጡት ነው። አንተንስ ሀ ሁ ያስቆጠሩህ የኔታ ፈቃድ ግዛ ብለውሃል?" ትለዋለች። ክርክሩ በሳቅ ያልቅ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. መስከረም ላይ መድና ደወለች። መድና የሰቃ ልጅና የግብርና ባለሙያ ናት፤ የፕሮግራሙን ኦሮምኛ ያቃናችው እሷ ነበረች።

"ንግስትዬ፣ አንድ ፕሮጀክት ለሁላችንም ስልክ አደለን። ያንቺ ፕሮግራም አለበት፤ ግን በየወሩ ከኢንተርኔት ፈቃድ ካላመጣሁ አልከፍትም ይላል። ክፍት ነው ብለሽን አልነበር?"

ንግስት በማግስቱ ሰቃ ወርዳ ስልኩን አየችው። ስሙ ተለውጧል። "ባለቤት፦ እሱባለው" ይላል። በፎቶዎቹ ውስጥ ቅጠሉን ቀና አድርጎ የያዘው አውራ ጣት ግን የራሷ ነው፤ በልጅነቷ በር ቀርጥፎት ጥፍሩ ለሁለት የተሰነጠቀው። እጇን ከስልኩ አጠገብ አደረገች። መድናም አየች።

"ወላሂ ይሄ ሰው አያፍርም" አለች መድና።

ንግስት በቀጥታ መንደራ ቆጪ ሰፈር ወዳለው ቢሮው ሄደች። እሱባለው ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ሻይም አዘዘላት።

"ፈቃድሽ ውሰዱ ይላል፤ ወሰድኩ" አላት።

"ስሜን አትፋቁ፣ ኮዱንም አትቆልፉ ይላል።"

"ይላል። እዚህ አገር ያንን ወረቀት አንብቦ የሚፈርድልሽ ካገኘሽ ክሰሺኝ።" ከዚያ ለስለስ ብሎ "ሥራ ከፈለግሽ ግን እቀጥርሻለሁ" አላት።

ከስድቡ ሁሉ ያቺ የመጨረሻዋ ናት አጥንቷ ድረስ የገባችው። ሻዩን ሳትነካው ወጣች። አባቷ ነገሩን ሰምተው "ልጄ፣ እውነቱን ነው፤ ምን እንደተሰረቅሽ ማስረዳቱ ብቻ ዓመታት ይፈጃል" አሏት። ጾም ሲገባ እናቷ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" እያሉ ሊያለዝቧት ሞከሩ። አልለዘበችም።

የእሱባለውን ፕሮግራም ፈታትታ መረመረችው። ከቁልፉ በቀር የጨመረው ነገር የለም። ቁልፉም ወር ሙሉ ኢንተርኔት ካጣ ይዘጋል። ይህን ስታይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። በዚያ ገጠር ክረምት ሲገባ ኔትወርክ ለሳምንታት ይጠፋል፤ ፍሬ የሚያጠቁረው በሽታ የሚበረታውም ያኔ ነው። እሱባለው ማሳ ረግጦ ስለማያውቅ አላሰበበትም። ብትነግረው በአንድ ቀን ያስተካክለው ነበር። አልነገረችውም።

በምትኩ፣ የድሮው ከኢንተርኔት ካልወረደ ስለማይገኝ፣ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍና የሚሠራ አዲስ ፕሮግራም ጀመረች፤ ማንበብ ለማይችለውም መድና በኦሮምኛ ስታነብ ንግስት ድምፅዋን ቀዳች። ግንቦት አጋማሽ ላይ ተጠናቀቀ።

"መቼ ነው የሚደርሰው?" አለች መድና።

"ትንሽ ይቀረዋል።"

ምንም አልቀረውም ነበር። ከዝናቡ በፊት ብታወጣው የእሱባለው ፕሮግራም ቀስ ብሎ ይረሳል፤ እሱም ሳያፍር ይቀራል። ንግስት የፈለገችው ሰው ሁሉ እያየ እንዲወድቅ ነው።

ሰኔ ላይ ኔትወርኩ ጠፋ። ሐምሌ ላይ ስልኮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ነሐሴ ሲገባ ፕሮጀክቱ ባለሙያዎቹን ጂማ አዳራሽ ሰበሰበ፤ ንግስትም ከመድና ጋር ገብታ ተቀመጠች። እሱባለው መድረክ ላይ ሆኖ ጥፋቱን በኔትወርክ ሲያላክክ እጇን አወጣች።

"ከኋላህ የሚታየውን ፎቶ የማን ማሳ ላይ ነው ያነሳኸው?"

"ሰቃ… ብዙ ማሳ ነው የዞርነው።"

"የያዘውስ እጅ የማን ነው?"

እሱባለው ወደ ግድግዳው ምስል ዞሮ አየ። ንግስት ወደ መድረኩ ወጥታ አውራ ጣቷን ከምስሉ አጠገብ አቆመች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ረድፍ በረድፍ እየተቀባበለ ፊት ደረሰ። እሱባለው ወረቀቶቹን ሰብስቦ በጎን በር ወጣ። ንግስት እስኪወጣ ድረስ ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም። ያን ቀን ከሰዓት አዲሱን ፕሮግራም ከስልክ ወደ ስልክ አዳረሰችው።

በሳምንቱ ከመድና ጋር የመድና አጎት ኦቦ ገመቹ ማሳ ሄዱ። የቡናው ግማሽ ፍሬ ጠቁሮ ረግፏል። መድና ስልኩን ስትነካካ የፕሮግራሙን ቀን አየች።

"ንግስትዬ፣ ግንቦት አሥራ አራት ይላል። ምንድን ነው?"

"ያለቀበት ቀን ነው።"

መድና ስልኩን ቀስ ብላ ኪሷ ከተተች። ኦቦ ገመቹ የጠቆረ ፍሬ በመዳፋቸው ይዘው መጡ።

"በወቅቱ ብናውቅ ኖሮ የታመመውን ለቅመን ሌላውን እናድን ነበር። ያንን ስልክ የቆለፈው ማነው?"

"እሱባለው የሚባል ሰው ነው፣ አባባ" አለች ንግስት።

"ረቢ ይፍረድበት።"

"አሜን" አለች ንግስት። መድና አሜን አላለችም።

እሱባለው አዲስ ዓመት ሳይገባ ቢሮውን ዘግቶ ከጂማ ወጣ። መድና አሁንም ትደውላለች፤ የምታወራው ስለ ሥራ ብቻ ነው። ንግስት የኦቦ ገመቹን መዳፍ ስታስብ ምግብ አይወርድላትም። ያንን የአዳራሽ ሳቅ ስታስታውስ ግን እስከ ዛሬ ደስ ይላታል፤ ይህንንም ለሚጠይቃት አትደብቅም።