ይሉኝታ የማያውቅ ማገጃ

ልጄ ዳረል እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አፉ በድንች እንደተሞላ ፍርዱን ሰጠ።

"እማዬ፣ አንዴ ይደገምና ኮምፒውተሩን እወስደዋለሁ።"

ሰው ሲፈርድ ቢያንስ አፉ ውስጥ ያለውን ይውጣል። እኔ ግን ሳህኑ ላይ ድንች ጨመርኩለት። አፉ ሥራ ሲበዛበት ወሬው ይቀንሳል፤ ይህን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

"ይደገምና" ያለው እንዲህ ነው። ኮምፒውተሬ ሁለት ጊዜ ድንገት ቀይ ሆኖ እንደ እሳት አደጋ መኪና ጮኸብኝ። "ቫይረስ ገብቷል፣ ምንም ሳይነኩ በዚህ ቁጥር ይደውሉ" ይላል። የመጀመሪያ ጊዜ ደወልኩ። ድምፁ ማር የሆነ ሰውዬ "አይዞዎት እናቴ" እያለ ይህን ይጫኑ፣ ያንን ይጫኑ ሲለኝ፣ ደግነቱ ዳረል ደርሶ የኢንተርኔቱን ሶኬት ነቀለው። ሁለተኛው ጊዜ ብልጥ ሆኜ አልደወልኩም። ዳረል ግን ሣር ሊያጭድልኝ መጥቶ ስለነበር ጩኸቱን ከጓሮ ሰማው። የማጨጃውን ሞተር አጥፍቶ በመስኮት አየኝ። ያን አስተያየት አልወደድኩትም፤ አባቱ ያረጀች ላም ሲሸጥ እንደዚያ ያያት ነበር።

ኮምፒውተሩ ለእኔ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። ጓሮዬ ውስጥ፣ ከአጥሩ ፈንጠር ብሎ፣ የዝናብ መለኪያ አለ። ባለቤቴ ፓልመር ነው የተከለው። ጠዋት ጠዋት ወጥቼ አነበዋለሁ፣ ያነበብኩትን በኢንተርኔት ለሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ እልካለሁ። ደመወዝ የለውም። የዚህ ሰፈር ገበሬ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር "አርዲስ ጓሮ ስንት ወረደ?" ብሎ ነው የሚጠያየቀው፤ አርዲስ እኔ ነኝ። ፓልመርን በቀበርንበት ቀን ጠዋት እንኳ ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ፣ ቦት ጫማዬን አጥልቄ ወጥቼ አንብቤያለሁ። ባላነብ ኖሮ እሱ ራሱ ከሣጥኑ ተነስቶ ይቆጣኝ ነበር።

ዳረል ለዚህም መላ አዘጋጅቶ ነበር። "ቁጥሩን በስልክ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ ከቤቴ እልከዋለሁ" አለ።

ዳረል! ዳረል ከተወለደ ጀምሮ ቁጥር ያጠጋጋል። "ደርሻለሁ" ካለ ገና ሱሪውን እየፈለገ ነው። ከሐይቁ ያወጣው ዓሣ ሁሉ ክንድ ያህላል። የትራክተር መለዋወጫ ሻጭ ነው፣ ደንበኞቹ ይወዱታል፣ እኔም እወደዋለሁ፤ የፓልመርን መለኪያ ግን አልሰጠውም። እሱ እጅ ከገባ በዓመቱ ዝናባችን ሁሉ ግማሽና ሙሉ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ሰኞ ቁርሴን በልቼ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ ማገጃ ፍለጋ ተቀመጥኩ። ማገጃ የምለው ብራውዘሩ ላይ የሚጨመረውን ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ኤክስቴንሽን ይሉታል። ማስታወቂያውን፣ የት ገባሽ የት ወጣሽ እያለ የሚከተለውን፣ ቫይረስ አዝሎ የሚመጣውን ሁሉ ከደጅ ይመልሳል። እንደሚያስፈልገኝ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። የቱ እንደሆነ ነበር ያላወቅሁት።

የብራውዘሩን መደብር ስከፍተው ሁሉም ማገጃ ጋሻ ይዟል። ቀይ ጋሻ፣ ሰማያዊ ጋሻ፣ ጋሻ ላይ ሌላ ጋሻ። ስማቸው ደግሞ የአንድ እናት ልጆች ያስመስላቸዋል፤ አንዱ ማገጃ፣ አንዱ ማገጃ ፕላስ፣ አንዱ እውነተኛው ማገጃ። ስሙ ላይ "እውነተኛው" ብሎ የለጠፈ ነገር ሳይ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ። እያንዳንዱን እየከፈትኩ ሳነብ የአጥር ጎረቤቴ ማርሊስ ገባች። ማርሊስ የምታንኳኳው ከተቀመጠች በኋላ ነው።

"ምን አፍጥጠሽ ታያለሽ?" አለችኝ።

"ዘበኛ እየቀጠርኩ ነው።"

"በዚህ ዕድሜሽ! መልኩ እንዴት ነው?"

"ጋሻ ይዟል።"

ወንበሯን አስጠግታ አየችና ሳቀች። "የእኔን ውሰጂ አንቺ። እንዴት ያለ ጨዋ መሰለሽ! ጠዋት ስከፍት 'ማርሊስ፣ ትናንት ይህን ያህል ማስታወቂያ አገድኩልሽ' ይለኛል። ለልደቴ እንኳ እንኳን አደረሰሽ ብሎኛል።"

"ስምሽን ከየት አመጣው?"

"ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።"

"ልደትሽንስ?"

"እሱንም ጠየቀኝ። መጀመሪያ እምቢ ብዬው ነበር።"

ይህችን ነገር ያኔ ልብ አላልኳትም። ተነስቼ ከጓሮዬ ሩባርብ፣ ከዚያ ግንዱ ጎምዛዛ ተክል፣ የጋገርኩትን ኬክ አወጣሁና ቢላ አነሳሁ።

"ቁራጭ ልስጥሽ?"

"ኧረ አሁን በልቼ ነው የወጣሁት።"

"ትንሽ ብቻ።"

"አይ አይ፣ ለእኔ ብለሽ አትቸገሪ።"

"ተይ እንጂ ማርሊስ፣ ይደርቃል።"

"እንግዲህ ይህን ያህል ካልሽ፣ ቀጭኗን።"

ቢላዬ አየር ላይ ቀረ። ማርሊስ ይህን ኬክ ስትመጣ ከበሩ አሽትታዋለች፣ እኔም እንደምትበላ አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ እምቢ ሳትል ግን አትቀምስም። እኔም እሷ ቤት እንደዚያው ነኝ። እዚህ አገር ሁላችንም እንደዚያ ነን፤ በመጀመሪያው እሺ ያለ ስግብግብ ነው፣ በሦስተኛውም እምቢ ያለ ኩሩ ነው።

"ምን ሆንሽ?" አለች ማርሊስ። ዓይኗ ቢላው ላይ ነበር።

"ሦስቴ ጠየቀኝ" አልኳት።

"ማን?"

"ያ ቀዩ ነገር። የሹራብ አሠራር እያየሁ ነበር። 'ማስጠንቀቂያ እንድንልክልዎ ይፈቅዳሉ?' አለኝ፣ አልፈቅድም አልኩ። 'እርግጠኛ ነዎት?' አለኝ፣ አዎ እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ሦስተኛ ሲጠይቀኝ..."

"እሺ አልሽው።"

"እሺ አልኩት!"

"ታዲያ ሦስቴ የለመነሽን እንዴት እምቢ ትይዋለሽ?"

"ሰው እኮ አይደለም፣ ማርሊስ!"

"ቢሆንስ" አለች ማርሊስ፣ ከልቧ።

በራሴ ተናደድኩ። እስከዚያ ቀን ሌባው አጥር ዘሎ የገባብኝ ይመስለኝ ነበር። አልዘለለም፤ ደጄ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ለመነኝ፣ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ በሩን ከፈትኩለት። ሁለቱንም ጊዜ እንደዚያ ነው የሆነው። ደስም አለኝ። ምክንያቱም የጃጀሁ መስሎኝ ፈርቼ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ዳረል በመስኮት ካየኝ ቀን ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ሳስበው ነበር። አልጃጀሁም፤ በደንብ ያደግሁ ሰው ሆኜ ነው።

ከዚያ በኋላ መምረጡ አልከበደኝም። መጀመሪያ የማርሊስን ዘበኛ አየሁ። ራሱ በደቃቅ ጽሑፍ እንደጻፈው፣ ከአንዳንድ አስተዋዋቂዎች ገንዘብ ይቀበልና የእነሱን ያሳልፋል። ከሌባው ጋር ማዕድ የሚቆርስ ዘበኛ ማለት ነው። እውነተኛው ማገጃ የተባለውን ደግሞ መቶ ሰው አመስግኖታል፣ ግን መቶውም "ግሩም" የሚለውን ቃል የሚጽፉት በአንድ ዓይነት ስሕተት ነው። የሚያመሰግኑትን ትቼ የተቆጡትን ማንበብ ጀመርኩ። የተቆጣ ሰው ይሉኝታ የለውም፤ ምን እንደተበላሸበት አንድ በአንድ ይናገራል።

መጨረሻ ላይ አንድ ቀረ። ገጹ አስቀያሚ ነው። ማን እንደሠራው ተጽፏል፣ ውስጡ እንዴት እንደተሠራ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው፣ ከአስተዋዋቂ ገንዘብ አልቀበልም ይላል፣ ስሙን አስመስለው ከሚነግዱ ተጠንቀቁም ብሎ ያስጠነቅቃል። የተቆጡት ሰዎች እንኳ የተቆጡት አንዳንድ ገጽ አብዝቶ ከለከለን ብለው ነው። ዘበኛን እንደዚህ ከሰደቡልኝ እቀጥረዋለሁ። ላስገባው ስል የጠየቀኝ አንድ ፈቃድ ብቻ ነበር፤ የምከፍታቸውን ገጾች ለማየትና ለመለወጥ።

"ይኸው! ሁሉንም ሊያይብሽ ነው" አለች ማርሊስ፣ ሁለተኛ ቁራጭ ላይ ሆና።

"የአንቺም ይህንኑ ጠይቆሻል፣ አላነበብሽውም እንጂ። በሩን ሳያይ በር የሚጠብቅ የለም። ለዚህ ነው ማንነቱን አስቀድሜ ያጣራሁት።"

አስገባሁት። ስሜን አልጠየቀኝም። አላመሰገነኝም። ጥግ ላይ ትንሽ ምልክት ሆኖ ተቀመጠና ሥራውን ጀመረ። ያንኑ የሹራብ ገጽ ከፈትኩት፤ የሚጮኸው፣ የሚርገበገበው፣ መሃል ላይ የሚደነቀረው ሁሉ የለም። ሹራቡ ብቻ። ፓልመር እንደዚህ ነበር። ጣሪያ ጠግኖ ሲወርድ ጠገንኩልሽ አይልም፤ ዝናብ ሲመጣ ነው የምታውቂው። በጣም ናፈቀኝ፣ ማርሊስ ፊት ዓይኔን ጠረግሁ።

"ገጹ ግን ድሃ መሰለ" አለች ማርሊስ ቀስ ብላ። የእሷንም ልቀይርላት ስላት "አስብበታለሁ" አለች። እኛ ዘንድ ይህ መቼም አይሆንም ማለት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ግን ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። የሜትዮሮሎጂው ገጽ ግማሹ ብቻ መጣ፣ "ላክ" የሚለው ቁልፍ የለም። የተቆጡት ሰዎች የተናገሩት ይህንን ነው ብዬ ጥጉ ላይ ያለውን ምልክት ነካሁና፣ ይህን አንድ ገጽ ብቻ አሳልፍ አልኩት። አሳለፈ። ቁጥሬን ላክሁና ዶሮዎቼን ልመግብ ወጣሁ።

ቅዳሜ ማታ ዶፍ ወረደ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በፊት ወጥቼ አነበብኩ፤ አንድ ኢንች ከሠላሳ ሰባት መቶኛ፤ ቤተ ክርስቲያን እንዳይረፍድብኝ መላኩን ለመልስ አቆየሁት። ከቀትር በኋላ ዳረል የራሱን ኮምፒውተር በብብቱ ይዞ መጣና ገና ድንቹ ሳይቀርብ ከእኔው ኮምፒውተር አጠገብ ዘረጋው።

"ከዛሬ እንለማመደው፣ እማዬ። የትናንቱን ንገሪኝ፣ እኔ ልላከው።"

"ቀይ ነገር አልመጣብኝም እኮ።"

"ይመጣል። ስንት ነበር?"

"አንድ ከሠላሳ ሰባት።"

"አንድ ተኩል በይዋ" ብሎ ለመጻፍ ተዘጋጀ። የወጥ ቤት ፎጣ በእጄ ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል ምን ልሠራበት እንደነበር።

የመሥሪያ ቤቱን ስም ጽፎ ፈለገ። እሱ ኮምፒውተር ላይ ከሁሉ በላይ አንድ ገጽ መጣ፣ ደመናና ፀሐይ የተሳለበት። እኔም በእኔው ላይ ያንኑ ስፈልግ ያ ገጽ ከነጭራሹ የለም።

"እሱን አትንካው ዳረል፣ ማስታወቂያ ነው።"

"እማዬ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው የምውለው" አለና ነካው።

ገጹ የአየር ጠባይ መከታተያ ልጫንልዎ ወይ አለው። አልፈልግም አለ። እርግጠኛ ነዎት ወይ አለው። አዎ አለ። ሦስተኛ ጠየቀው። ጣቱን እያየሁ ነበር፤ ያችን ጣት ያሳደግኋት እኔ ነኝ፣ የት እንደምታርፍ አውቃለሁ። አፌን ልከፍት ስል አርፋለች።

የኮምፒውተሩ ማያ ቀላ። ጩኸቱ ሳህኖቹን አንቀጠቀጠ። ዳረል ክዳኑን ድው አድርጎ ዘጋውና በሁለት እጁ ተጫነው፣ ከውስጥ የሚወጣ ነገር ያለ ይመስል። ጩኸቱ ቆመ።

"ሁለት ጊዜ እምቢ ብዬዋለሁ" አለ።

"ሦስተኛውንስ?"

ጠረጴዛውን አየ።

"ተደገመ" አልኩት። "የማንኛችንን ኮምፒውተር እንውሰድ?"

ወደ እኔው ኮምፒውተር ዞሬ፣ እያየኝ፣ አንድ ነጥብ ሦስት ሰባት ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። ደረሰ የሚለው መልስ መጣ። ዳረል ያን አየ። ጥጉ ላይ ያለችውን ምልክትም አየ፤ ምን እንደሆነች ነገርኩት፣ ለምን እሷን እንደመረጥኩ ነገርኩት፣ የማርሊስን ዘበኛም ነገርኩት። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠኝም።

"ያንቺ እንግዲህ ባለበት ይቀመጥ" አለ በመጨረሻ።

"ይቀመጣል። ላንተም ላስገባልህ?"

"ኧረ አትቸገሪ።"

"ምኑ ይቸግራል፣ አሁን ያልቃል።"

"ግድ የለም እማዬ፣ ቤት ሄጄ አየዋለሁ።"

እዚህ ላይ ሦስተኛውን መጠየቅ የእኔ ተራ ነበር። እናቴ ብትሆን ትጠይቀው ነበር፣ ማርሊስም ትጠይቀው ነበር። ጥያቄው ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ። ዋጥኩትና ለእሁዱ ጋግሬ ጠረጴዛው ላይ ያኖርኩትን ኬክ በሹካ ቆረስኩ።

ዳረል ኮምፒውተሩን በብብቱ ያዘ። አልተነሳም። በሩን አየ፣ ኬኩን አየ፣ እኔን አየ። ምን እየጠበቀ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንዲጠብቅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጆሮው እንደ ልጅነቱ ቀልቶ ሳይ አንጀቴን በላኝ፣ ግን ዝም አልኩ።

"እማዬ።"

"አቤት።"

"አስገቢልኝ።"

በዚህ ቤት ሳይለመን የፈለገውን በአፉ የተናገረ ሰው አላስታውስም፤ አባቱም አልተናገረም፣ እኔም። ሹካዬን አስቀምጬ ወንበሬን ወደ ልጄ አስጠጋሁ።

"ክዳኑን ክፈተው" አልኩት።