ጉልላት የሠራው መጥፎ በር

«በሩ ጥሩ እንዲሆን አልፈልግም» አለ ሰውየው። «እንዲያስቸግር ነው የምፈልገው።»

ጉልላት መላጊያውን ከጣውላው ላይ አንስቶ ቀና አለ። ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ባለችው የእንጨት ሥራ ቤቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ መጥፎ በር የሚያዝ ሰው መጥቶበት አያውቅም። ሰው ወደ እሱ የሚመጣው የጠመመ ሊያስቀና፣ የላላ ሊያስጠብቅ ነው።

«አልገባኝም ጌታዬ።»

«ዝናብ የጠጣ በር ይሁን። ሲገፉት እምቢ የሚል፣ የታችኛው ጫፉ ወለሉን የሚፍቅ።»

«እንዲህ ያለ በር ከእጄ አይወጣም።»

ሰውየው ሳቀ። አጠር ያለ፣ ቦርጩ ቀበቶውን ያለፈ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ አናቱ ላይ የቀረ ሰው ነው። የለበሰው ግራጫ ኮት ክርኑ ላይ ተጥፏል። መንገድ ላይ ቢያልፍ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ድምፁ ግን ሌላ ነገር ነበር። ከደረቱ ሥር ተነሥቶ ቀስ ብሎ የሚወጣ ድምፅ ነው። ጉልላት ያን ድምፅ የት እንደሚያውቀው ሲያሰላስል ቆይቶ ድንገት ትዝ ሲለው ፊቱ ጠቆረ።

«ስምዎ ማን ነበር?»

«መኳንንት እባላለሁ። ከቀበሌው የኪነት ቡድን ልከውኝ ነው።»

ራሱ ነው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በንጉሡ ጊዜ፣ መኳንንት በቴሌቪዥን ድራማ ላይ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆኖ ይጫወት ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ምሽት ድራማው ሊጀምር ሲል፣ በሠፈሩ ብቸኛው ቴሌቪዥን ያለበት የወይዘሮ ፅጌ ሳሎን በሴት ይሞላል። የጉልላት ሚስት ሸዋገነትም ራቱን አቅርባ ክዳን ትደፋበትና ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትወጣለች። አንድ ቀን ጉልላት ሊጠራት ሄዶ በመስኮቱ ቢያይ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ፀጉሩን ግንባሩ ላይ ያዘነበለ መልከ መልካም ሰው አንዲቷን ልጅ «ሽቦው ቢበጠስ እንኳ እኔ አልበጠስም» ይላታል። ሳሎን ሙሉ ሴት ትንፋሹን ዋጠ። ሸዋገነትም ዋጠች።

ከዚያ ወዲያ መኳንንት የሚባል ስም በተነሣ ቁጥር ጉልላት ሚስማር ይጣመምበት ነበር። አብዮቱ መጥቶ ድራማው ሲቀር፣ ሰውየውም የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ወረቀት ይፈርማል ሲባል ሰማና፣ ለማንም ባይናገርም፣ ደስ አለው።

አሁን ያ ሰው ቀራንዮ ቤት ተከራይቶ የሠፈር ሰው ሆኗል። ለሠራተኞች ቀን፣ ለሚያዝያ 23፣ ቀበሌዎቹ በከፍተኛው አስተዳደር አዳራሽ በቴአትር ሊወዳደሩ ነው። የቀበሌው የኪነት ቡድንም ወጣቶቹን እንዲያሠለጥንና ዋናውን ሽማግሌ ሆኖ እንዲጫወት ለምኖታል። መድረኩን መሥራት ለጉልላት የመጣ የቀበሌ ትእዛዝ ስለሆነ እምቢ አይባልም።

«እሺ» አለ ጉልላት። በሆዱ ግን፣ ጥሩ በር ምን እንደሚመስል ሠርቼ ላሳየው፣ ብሎ ወሰነ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቀበሌው አዳራሽ ያስጫነው በር የጥድ ሳንቃ፣ ሁለት ጊዜ የተላገ፣ በጣት ሲነኩት ያለ ድምፅ የሚዞር ነበር። መኳንንት ከፈተው፤ ዘጋው። ጎንበስ ብሎ ሳንቃና ሳንቃ የተገናኘበትን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«እንዲህ ያለ ሥራ ካየሁ ብዙ ጊዜዬ» አለ፤ ከልቡ ነበር። «ግን አቶ ጉልላት፣ በዚህ በር የሚገባ ሰው ደልቶታል። የኛ ሽማግሌ የመጋዘን ዘበኛ ነው። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጁ ዘምቷል። በሩን የሚያስተካክልለት ሰው የለም።»

«ራሱ አያስተካክለውም? ማጠፊያ ማጥበቅ ምን ያቅታል?»

«ለማን ብሎ?»

ጉልላት እጁን በሩ ላይ አሳረፈ። ለማን ብሎ። እሱ ራሱ ሸዋገነት ለቅሶ ልትደርስ ደብረ ብርሃን በሄደች ጊዜ፣ የኩሽናዋ መስኮት ሲንቋቋ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጋው ላይ ሆኖ እያዳመጠ አልተነሣም ነበር። የመጣች ዕለት ጠዋት ነው ተነሥቶ የጠገነው።

በሩን መልሶ አስጫነው።

ሁለተኛውን በር የሠራው የሥራ ቤቱን መዝጊያ ከውስጥ ቀርቅሮ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ የሠፈር ሰው እንዲያየው አልፈለገም። አሮጌ የባሕር ዛፍ ጣውላ መረጠ፣ ውኃ አርከፈከፈበት፣ ፀሐይ ላይ አንጋለለው፣ እስኪጎብጥ ጠበቀ። የታችኛውን ጫፍ በጣት ያህል አስረዘመ። የላይኛውን ማጠፊያ አላላ። ጥሩ በር ሁለት ቀን ነበር የወሰደበት፤ መጥፎው አምስት ቀን ፈጀ።

መኳንንት አንድ ጊዜ ገፍቶት እምቢ ሲለው ፊቱ በራ። «ይኸው» አለ። «ይኸው ሰውየው መጣ።»

ጉልላት መቃኑ እንዳይወድቅ ለማየት ብሎ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። መኳንንት ከመድረኩ ጀርባ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ እግሩን የሚጎትት ሰው ኮቴ ተሰማ። በሩ ተገፋ፤ እምቢ አለ። ከውጭ ያለው ሰው አልታገለውም፣ አልተናደደም። እጀታውን ይዞ በሩን ጥቂት ወደ ላይ አነሣ፤ ከዚያ በትከሻው ቀስ ብሎ ገፋው። ተከፈተ። ሽማግሌው ገባ፣ ባርኔጣውን አወለቀና ለባዶው ክፍል «ደህና አመሻችሁ?» አለ።

ጉልላት ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ተጠጋ። የላላ በር አነሣ ተደርጎ እንደሚከፈት የሚያውቅ፣ ወይ አናጢ ነው፣ ወይ በዚያ በር ዓመታት የገባ ሰው ነው። መኳንንት አናጢ አይደለም።

«አልሆነም» አለ መኳንንት። «እጄ ቸኮለ።» ወጥቶ እንደገና ገባ። እንደገና አልሆነም። ጉልላት ሲቆጥር አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ወጥቶ ገባ፤ ላቡ በአንገቱ እየወረደ፣ ጉልበቱን እያሸ። ጉልላት ደግሞ አንድን ጣውላ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የሚልግ ሰው ይገባዋል።

ከዚያ ቀን በኋላ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ሥራ ቤቱን ዘግቶ ወደ አዳራሹ ይሄድ ጀመር።

«ዛሬም ማጠፊያ ልታይ ነው?» አለች ሸዋገነት። በሴቶች የስፌት ማኅበር ውስጥ ትሠራለች፤ የሽማግሌውን ካፖርት የሰፋችውም እሷ ናት።

«ይላላል እኮ። ካላዩት ይላላል።»

«እንዲላላ አይደል የሠራኸው?»

ጉልላት ጫማውን ማሠር ቀጠለ። ከዚያ አላስችል አለው። «ሸዋዬ፣ ሰውየው ባርኔጣውን ሲያወልቅ አይተሽዋል? መጀመሪያ ቤቱን ያያል። ባዶ መሆኑን እያወቀ ያያል። ከዚያ ነው የሚያወልቀው።»

«ለካፖርቱ ልክ ስወስድለት አየሁት። አጠረብኝ።»

«ማነው ያጠረው?»

«መኳንንት። ድሮ ረጅም ይመስለኝ ነበር። ቴሌቪዥኑ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ስለነበረ ይሆናል» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ሐሙስ ሐሙስ ራቴን አቀዝቅዘሽ እየሄድሽ አሁን አጠረብኝ ትያለሽ?»

ሸዋገነት ቀና ብላ አየችው። «እኔ ለሱ ብዬ መሰለህ የምሄደው? ቀኑን ሙሉ የስፌት ማሽን ድምፅ ሰምቼ ከሴቶቹ ጋር ስስቅ ላመሽ ነበር። እስካሁን ይህን በሆድህ ይዘህ ነው?»

ጉልላት ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የኪነት ቡድኑ ለሂስና ግለ ሂስ ተሰበሰበ። ጉልላት መድረኩን የሠራ ሰው ነውና እሱም ተጠርቷል። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ሀብተማርያም መሀል ተቀመጡ። የቡድኑ ኃላፊ አሰፋ፣ ሁልጊዜ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሚሰካ ወጣት፣ ከወረቀት ማንበብ ጀመረ።

«ጓድ መኳንንት ባለፈው ሥርዓት የሳሎን ፍቅር ተዋናይ እንደነበሩ ይታወቃል። ሠርቶ አደሩ ትኩስ ኃይል ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ የሽማግሌውን ቦታ ጓድ ኃይለመስቀል እንዲይዝ፣ ጓድ መኳንንትም በምክር እንዲረዱ ሐሳብ አቀርባለሁ።»

ኃይለመስቀል የሃያ ሁለት ዓመት ቁመናው ያማረ ልጅ ነው። ስሙ ሲጠራ ደንግጦ መኳንንትን አየ። መኳንንት የተጣፈውን ክርኑን በሌላው እጁ ሸፍኖ መሬት መሬት ያይ ነበር።

«አስተያየት ያለው ጓድ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

በዚያ ዘመን ያለፈው ሥርዓት የሚባል ቃል በስብሰባ ላይ ከወጣ፣ ሰው የጫማውን ክር ያጠብቃል እንጂ እጁን አያወጣም። ጉልላትም በሕይወቱ ስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም፤ የሚመጣው ስሙ እንዲመዘገብ ነው። እጁ ወደ ላይ መውጣቱን ያወቀው ሊቀመንበሩ «ጓድ ጉልላት» ሲሉት ነው።

ተነሣ። «እኔ ስለ ፖለቲካው አላውቅም ጓድ ሊቀመንበር። እኔ የምናገረው ስለ በሩ ነው።»

አንዳንዱ ሳቀ።

«ስለ በሩ ምን?» አለ አሰፋ።

«በሩ የተሠራው በጓድ መኳንንት ልክ ነው። ሌላ ሰው ቢገባበት እኔ ኃላፊ አይደለሁም።»

«በር በር ነው ጓድ ጉልላት። ለበር ልክ አይወሰድለትም።»

«ይወሰድለታል እንጂ። ኃይለመስቀል ይሞክረውና እንየው። ከዚያ የፈለጋችሁትን ወስኑ፤ እኔም እቀመጣለሁ።»

አቶ ሀብተማርያም አገጫቸውን አሻሹ። ስብሰባው ከጀመረ ጀምሮ የሚያዛጉ ሰው ነበሩ፤ አሁን ግን ነቃ ብለዋል። «ይሞከር» አሉ።

ኃይለመስቀል ከመድረኩ ጀርባ ሄደ። በሩን ገፋ፤ እምቢ አለ። በጣም ገፋ። ሦስተኛውን በትከሻው ተንደርድሮ ሲመታው በሩ ተበረገደና ልጁ መድረኩ መሀል በጉልበቱ አረፈ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኃይለመስቀል ራሱም እየሳቀ ሱሪውን አራገፈ። «ደህና አመሻችሁ?» ሲል ሊቀመንበሩ እንባቸውን ጠረጉ፤ የሳቅ እንባ ነው።

«አሁን ጓድ መኳንንት» አሉ ሳቃቸው ሲበርድ።

መኳንንት ተነሣ። ሲያልፍ ጉልላትን አየው፤ ጉልላት በጭንቅላቱ ሂድ አለው። ኮቴው ተሰማ። በሩ እምቢ አለ፣ ተነሣ፣ ተገፋ፣ ተከፈተ። ሽማግሌው ገባ። ባዶውን ቤት አየ። ባርኔጣ ስላልያዘ እጁን ወደ ራሱ ሰድዶ የሌለውን ባርኔጣ አወለቀ። «ደህና አመሻችሁ?» አለ፤ ድምፁ ከቤቱ ግድግዳ መልስ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት የኪነት ቡድኑ ልጅ፣ ሳታስበው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ መለሰችለት።

ከእሷ ቀጥሎ የተናገረው ኃይለመስቀል ነው። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ልጁን ልሁን። የዘመተውን። እሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ያኔ በሩን አባቱ ነው የሚከፍትለት።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ አቶ ሀብተማርያም፤ ወደ አሰፋም ዞሩ። «አይደለም እንዴ ጓድ አሰፋ?»

አሰፋ ከሦስቱ እስክሪብቶ አንዱን አወጣና ወረቀቱ ላይ ሰረዝ አደረገ። «የኔም ሐሳብ ወደዚሁ ነበር» አለ። «ወጣቱና ሽማግሌው ተባብረው እንዲሠሩ።» ያን ሐሳብ በቃለ ጉባኤው ላይ በራሱ ስም አስመዘገበው፤ ማንም አልተቃወመም።

ሚያዝያ 23 ቀን የነጉልላት ቀበሌ ቴአትር ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው ትራክተር መድረክ ላይ ያወጣ ቀበሌ ነው። ጉልላት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ፣ በቀኙ ለነበሩት የማያውቃቸው ሽማግሌ «አሁን ያነሣዋል፤ እዩት፣ አነሣው» እያለ ሲነግራቸው ነበር። በኋላ እኒያ ሽማግሌ ወንበር ቀየሩ። ሸዋገነት በግራው ሆና ሁለተኛው ገቢር ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ የነቃችው ጭብጨባው ሲነሣ ነው። ካፖርቱ መኳንንት ትከሻ ላይ ጥሩ እንደተቀመጠ ተናግራ፣ ከማኅበሩ ሴቶች ጋር ቀድማ ሄደች።

ጉልላትና መኳንንት በእግራቸው እስከ ማዞሪያው አብረው ወረዱ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች ፌርማታው ላይ ተሰልፈዋል፤ አንድም ሰው መኳንንትን አላወቀውም። ጉልላት ለምን አያውቁትም ብሎ ተናደደ።

«ጉልበትዎን አመመዎት?»

«ትንሽ። ቤቴ ሩቅ አይደለም» አለ መኳንንት። «አቶ ጉልላት፣ ያን ዕለት ስለተናገሩልኝ አላመሰገንኩዎትም።»

«የተናገርኩት ስለ በሩ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ወደ ቀራንዮ የሚወስደው መንገድ ላይ ደረሱና ቆሙ። መኳንንት ለመሰናበት እጁን ዘረጋ። ጉልላት ጨበጠው፤ አልለቀቀውም።

«እሁድ ምሳ እኛ ቤት ይምጡ» አለ። ሳያስበው የወጣ ነገር አልነበረም፤ ከአዳራሹ ጀምሮ ሲያወጣና ሲያወርድ የመጣ ነው። «ባለቤቴ ድሮ በቴሌቪዥን ታይዎት ነበር። ሐሙስ ቀርታ አታውቅም።»

መኳንንት ፈገግ አለ። «አሁንስ?»

«አሁን እሷ አጠሩብኝ ትላለች» አለ ጉልላት። «አሁን ተራው የኔ ነው።»