በሩን የዘጋው

ኢሊንካ ልጅ ሳለች፣ በሮማኒያዋ ብራሾቭ ከተማ የሰፈሩ ሰው አንድ ሳሎን ውስጥ ታጭቆ፣ በድብቅ የገባውን ተከታታይ የጠፈር ፊልም በካሴት ያይ ነበር። የተዋናዮቹን ሁሉ ንግግር በአንድ ድምፁ የሚተረጉምላቸው አባቷ ነው። በሦስተኛው ክፍል ካፒቴኑ ወንድሙን ለአሳዳጆቹ ማሽኖች ትቶ ሲሄድ፣ አባቷ ጸጥ አለ።

«ምነው፣ ዱዳ ሆንክ እንዴ?» አለችው አፈኛዋ ጎረቤታቸው ቬቱሪያ።

«በሩ እኮ በራሱ ነው የተዘጋው» ብሎ የካፒቴኑን ንግግር ተረጎመ።

የአባቷን ወንድም ሴቨርን ደህንነቶች ከወሰዱት ገና ወሩ ነበር።

አባቷን በቀበረች ማግስት፣ ናፍቆት ቢያስቸግራት ያንኑ ፊልም ከጽሑፍ ትርጉም ጋር ከፈተችው። ካፒቴኑ ከተዘጋው በር ማዶ ሆኖ፣ «ወንድሜ፣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ አንተን ካልሰጠኋቸው ልጄን ይወስዱብኛል» ይላል።

ኢሊንካ ለአባቷ አንድ ልጅ ናት።