ጥይት ለወረቀት

ደሳለኝ ቀበሮዋን ተኩሶ ከሳታት ወዲህ ወሬ አቁሟል። በስደት ከተማው በአሌክሳንድሪያ ታክሲ ሲነዳ ተሳፋሪው ሳይጠይቀው የመንገዱን ነገር፣ የአየሩን ነገር፣ የአባቱን የአደን ታሪክ ሲተርክ የኖረ ሰው፣ አሁን ሚስቱ ይርጋለም "ሻይ ላፍላልህ?" ስትለው ራሱን በመነቅነቅ ነው የሚመልስላት። እሱንም ከነቀነቀ ነው።

ቀበሮ ይበሏት እንጂ አገሬው ኮዮቲ የሚላት ናት፤ ከቀበሮ ከፍ፣ ከተኩላ ዝቅ ያለች፣ ሰው የማትፈራ ሌባ። ባልና ሚስቱ ጡረታ ሲወጡ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖረው ጓደኛቸው ከፀሐዩ ጋር ተዋጥተው ከኩልፔፐር ወዲያ ትንሽ መሬት ገዝተው በግ አስገብተውበታል። ፀሐዩ ለፋሲካና ለክርስትና ገዢ ያመጣል። እነሱ ደግሞ በጎቹ በሚወልዱበት ወራት አፓርትማቸውን ዘግተው እዚያው ትሬለር በሚሉት ተጎታች ቤት ውስጥ ይከርማሉ። ዘንድሮ ቀበሮዋ ግልገል ለመደች። አንዱን ወሰደች፤ ሌላም ደገመች። ደሳለኝ ጠመንጃውን ይዞ በፒጃማ ሲሮጥ የሚያገኘው አጥር ላይ የቀረ ሱፍ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

በዚህ ተናዶ ነበር ከይርጋለም ጋር ስፕሪንግፊልድ ከተማ ካለው ጠመንጃ መሸጫ ድረስ ነድቶ "ትልቁን ስጠኝ" ያለው። ሻጩ ሰጠው። ረጅም ጥይት፣ ውስጡ አተር አተር የሚያህል የእርሳስ ፍሬ የታጨቀበት። በዚያ ላይ ቾክ የሚሉትን፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚጠመዘዘውን ማጥበቢያ፣ ከሁሉም የጠበበውን መረጠ። የጠበበ ቾክ ፍሬዎቹን ሰብስቦ ይልካል፤ ይህን ማንም ያውቃል።

"ትልልቅ ፍሬ በዚህ ጥበት ሲያልፍ ይጋፋና እንዳገኘ ይበተናል" አለው ሻጩ። "መጀመሪያ ወረቀት ላይ ተኩሰው ይዩት።"

ደሳለኝ እዚያው ፊቱ ሳቀበት። መኪና ውስጥ ገብቶም ሳቁ አላባራም። "ጥይት ለወረቀት! አባቴ ይኼን ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሳ ነበር።" ደሳለኝ ጎሬ ላይ ልጅ ሳለ አባቱ የሚሰጠው አንዲት ጥይት ነበረች፤ ማታ ሲመለስ ወይ ቆቋን ወይ ጥይቷን ያስረክባል። እንዲህ ተደርጎ ያደገ ሰው ወረቀት ላይ አይተኩስም። ይርጋለም ግን ባሏ መኪናውን ሊያስነሳ ቀድሞ ሲወጣ ሻጩ ያመለከታትን ሌላ ካርቶን ጥይት ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ነበር። 

ከዚያ ያ እሑድ ጠዋት መጣ። ቀበሮዋ ከውኃ ገንዳው አጠገብ ጎኗን ሰጥታ ቆመች። ቅርብ ናት። ደሳለኝ አነጣጥሮ ተኮሰ። እሷም ዞር ብላ አየችውና ረጋ ባለ ሶምሶማ ሄደች።

ደሳለኝ ቀበሮዋን አልተከተላትም። ቀኝ እጁን ነበር የሚያየው። ሁለት ዓመት ቢያልፈውም ስትሮክ የነካው እጅ ነው። ሐኪሞቹ "ደህና ነው" ብለውታል፤ እሱ ግን የዚያን ቀን ፈረደበት።

"ለፀሐዩ ደውዪለትና በጎቹን ይሽጣቸው" አላት ማታውን።

"ለምን ሲባል?"

"ጠባቂ የሌለው በግ ምን ሊሆን ነው።"

 ከስትሮኩ በኋላ ይህን ሰው ከሶፋ ያስነሱት በጎቹ ናቸው። እነሱ ከተሸጡ ተመልሶ አሌክሳንድሪያ ቴሌቪዥን ፊት እንደሚቀመጥና ከዚያ በኋላ ማንም እንደማያስነሳው ይርጋለም ታውቃለች። "እሺ፣ ቅዳሜ ፀሐዩ ሲደውል እነግረዋለሁ" አለችው። እንደማትነግረው ግን እሱም ሳይጠረጥር አልቀረም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ይርጋለም፣ ፀሐዩ ሥጋ የሚጠቀልልበትን ሰፊ ወረቀት አጥሩ ላይ ወጥራ ቀበሮ ሳለችበት። የከብት መኖ ጆንያ ጠረጴዛ ላይ አጋደመችና ጠራችው። ደሳለኝ ሥዕሉን ብዙ አየው።

"ይቺ ቀበሮ ናት አህያ?"

ከዚያ ማታ ወዲህ የሰማችው ረጅሙ ንግግር ነበር። "አንተ ተኩስ እንጂ የሥዕል መምህር አልቀጠርኩም" አለችው። "ጠመንጃውን ጆንያው ላይ አስተኛው። እጅህ አይያዘው፤ ቃታውን ጣትህ ብቻ ይሳበው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንይ።"

"ጥይት ለወረቀት..."

"አባትህ ይቅር ይሉኛል።"

ተኮሰ። ሄደው አዩት። ፍሬዎቹ ከቀበሮዋ በላይ፣ ከበታች፣ አንዱም ጆሮዋ ላይ አርፏል። ከደረቷ እስከ ወገቧ ድረስ ግን አንድ ቀዳዳ አልነበረም። ወረቀት ቀይራ አስደገመችው፤ ያው ነው። ደሳለኝ መዳፉን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈና እዚያው ቆመ።

"እኔ አልነበርኩም" አለ ቀስ ብሎ። "ይርጌ፣ እኔ አልነበርኩም እኮ።"

ዓይኑ እንባ ሞላ።  ጥይት ናት ብሎ የገዛት ነገር ሰውየውን ለስንት ቀን ስትገድለው እንደከረመች ይርጋለም ስታስበው ወረቀቱን ቀድዳ ልትጥለው ምንም አልቀራት፤ ከዚያ ይልቅ ከቦርሳዋ ሌላውን ካርቶን አወጣች። እሱም ረጅም ጥይት ነው፤ ፍሬው ግን አነስ ያለና ብዙ። ደሳለኝ "ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ጥይት የምትደብቂው" እያለ ቾኩን ፈትቶ ላላ ያለውን ገጠመ። ተኮሰ። አህያ የምትመስለው ቀበሮ ከራስ እስከ ጅራቷ ወንፊት ሆነች።

ያኔ ጠመንጃውን ከጆንያው አንስቶ ቆሞ ሞከረ። የአፈሙዙን መንቀጥቀጥ ይርጋለም ከኋላው ሆና አየችው። ፍሬው በሙሉ ወረቀቱን ስቶ ወደ ግራ ሄደ። አለቀ፣ ተመልሶ ዝም ሊል ነው ብላ ፈራች።

ደሳለኝ ግን ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ አስቀመጠና "ያኛው ጥፋት የጥይቱ ነበር፤ ይኼኛው የኔ ነው" አለ። ለካ ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ከጫንቃው ሲያወርዱለት ያለበትን ድካም መናገር አይከብደውም። "እጄ ደክሟል። አንቺ ነሽ የምትተኩሺው።"

እምቢ አለች፤ ለመናት፤ በመጨረሻ አንዴ ተኮሰች። ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ የኖረችበት ትከሻ በአንዱ ምት ብቻ ተቃጠለ። "ምንም አይልም" አለች። የአፏን ሳይሆን የፊቷን አመነ።

በማግስቱ ስፕሪንግፊልድ ሄደ። ለሻጩ "ትልቁን ስጠኝ" አላለውም። "ቀበሮ የሚጥል፣ የሚስቴን ትከሻ ግን የማይነካ" አለው። አጫጭርና ባሩዳቸው የቀነሰ ጥይቶች ከየዓይነቱ ይዞ መጣ። ያ ጥይት አይባክንም ባይ ሰው የቀረውን ቀን ሙሉ ጆንያው ላይ ተጋድሞ ወረቀት ሲበሳ ዋለ፤ ይህን ጥይት በዚያ ቾክ፣ ያንን በዚህ፤ ከዚህ ርቀት፣ ቀረብ ብሎ ከዚያ። ይርጋለም "እኔም ልሞክር" ስትለው "አንቺ የምትተኩሺው አንዴ ነው፤ የቀረው በኔ ትከሻ ይለቅ" አላት። ማታ ሸሚዙን ሲያወልቅ ትከሻው ጠቁሮ ነበር። ቅባት አሸችለት። በዚህ ዕድሜ እንዲህ እወደዋለሁ ብላ አታውቅም ነበር።

ጎህ ሲቀድ ከገንዳው ትይዩ፣ ወረቀቱ በፈቀደላቸው ርቀት ተደብቀው ተቀመጡ። ቀበሮዋ መጣች። ደሳለኝ ጠመንጃውን ከያዘችው ከይርጋለም ኋላ ሆኖ ትከሻዋ ላይ ታጥፎ የተሰፋ ፎጣ ደግፎ ያዘ። "ገና" አላት በጆሮዋ። "ገና... አሁን።"

ቀበሮዋ ባለችበት ወደቀች። ደሳለኝ ወደዚያ አላየም።

"ትከሻሽ?"

"ደህና ነው" አለች፤ ደህናም ነበር።

ትሬለሩ እንደደረሱ ፀሐዩ ደወለ። ደሳለኝ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"እህሳ አዳኙ፣ እንዴት ሆነ?"

ይርጋለም በጣቷ ደረቱን ነካችው፤ አንተ ነህ በል ማለቷ ነው። ከልቧ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወዳጅ ሁሉ "አዳኙ" ብሎ የሚጠራበትን ስም ልትነጥቀው አትፈልግም።

"ወደቀች" አለ ደሳለኝ።

"ጎሽ የኔ አንበሳ፤ ያንተ እጅ እኮ..."

"የኔ እጅ ደክሟል፣ ፀሐዩ። የጣለቻት ይርጋለም ናት። እኔ ጥይቱን ነው የመረጥኩላት፤ ለሁሉም እንዲሁ አድርገህ ንገርልኝ።"

 "እና በጎቹን ልትሸጡ ነው ሲባል የሰማሁትስ?" አለ ፀሐዩ። ከማን እንደሰማው አልተናገረም፤ ደሳለኝ ራሱ ደውሎለት ኖሯል።

ደሳለኝ ስልኩን አንስቶ ለሚስቱ ዘረጋላት። "ጠባቂያቸውን ጠይቃት" አለ።

ይርጋለም ተቀበለችው። 

"አይሸጡም" አለችው።