አፉን ጠበቅሁ

ዘመመ አፉ… ውሃ ልክ እንደሳተ ግድግዳ፣ ወደ ቀኝ ዘመመ። ባሌ ሞላልኝ ግንበኛ ነው። የሠራው ግድግዳ አንድም ቀን ዘሞ አያውቅም።

ዝም አለ ግራ እጁ፣ ዝም አለ ግራ እግሩ… እኔ ግን ዝም አላልሁም።

አፉን ጠበቅሁ።

ስትሮክ ነው ብለው ሆስፒታል አስተኙት። ሲስተር ምንታምር፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ ከራስጌው ቀይ ጨርቅ አሰረች። አዲስ ደንብ አውጥተናል አለች፤ መዋጥ መቻሉ ሳይፈተሽ በአፉ ምንም አይገባም፣ ምግቡ በአፍንጫው፣ በቀጭን ቱቦ ይወርዳል።

«ጉሮሮው ደክሟል፣ እናቴ። የጎረሰው ወደ ሳንባው ይሄዳል። ከስትሮክ አትርፈን በጉርሻ ያጣናቸው አሉ።»

ደንቡስ ጥሩ። ግን ጨርቅን ማን ይሰማል… ከገጠር አጥሚት ተሸክሞ የመጣ ዘመድ?

ከጎናችን ለተኙት ሽማግሌ፣ ሲስተር ዞር ስትል፣ ልጆቻቸው ጭማቂ አጠጧቸው። በፍቅር ነው ያጠጧቸው። ሳሉ… አተኮሳቸው… ሳምንቱ ሳይሞላ አልጋው ባዶ ሆነ።

አየሁ። አፉን ጠበቅሁ።

መጡ ጎረቤቶች፣ ሙዝ ይዘው መጡ። መጡ የሥራ ጓደኞቹ፣ ሾርባ ይዘው መጡ። ይጉረስ አሉ፣ አይጎርስም አልሁ። ከንፈሩን እንኳ ይርጠብ አሉ፣ አይሆንም አልሁ።

«ዘበኛ ሆነሽ ተቀጠርሽ እንዴ?» አለኝ አንዱ ግንበኛ።

«አዎ፣ ያለ ደመወዝ።»

መጡ ታላቅ እህቱ፣ እትዬ አዛለች፣ እንደ እናት ያሳደጉት። አጥሚቱን ከፔርሙስ ቀዱ፣ እፍ እፍ አሉ… ሞላልኝ ሸተተው። አፉን ከፈተላቸው።

እጄን በማንኪያውና በአፉ መካከል አስገባሁ።

«ወንድሜን በጠኔ ልትገይው ነው? ምን ዓይነት አንጀት ነው የሰጠሽ!»

«ይርገሙኝ፣ እትዬ። አይጎርስም።»

እሱም አየኝ… እንባው ወረደ። ስንት ዘመን ያጎረሰው እጅ፣ ያው እጄ፣ ከለከለው። ከሁሉ ከሁሉ ያ ከበደኝ።

አፉን ጠበቅሁ።

እትዬ አዛለች አኩርፈው ኮሪደር ተቀመጡ። አያናግሩኝም፣ አይሄዱም፤ ከበሩ ሆነው ያያሉ።

ፈተሸችው ሲስተር፣ በሻይ ማንኪያ ውሃ… ሳለ። ጨርቁ ቆየ። ደግሞ ሌላ ቀን ፈተሸችው… ሳለ። ጨርቁ ቆየ። አልበላም፣ አልተኛም እኔም… ምን ይበላልኛል?

አንድ ጠዋት ቀና አድርጋ አስቀመጠችው። ውሃ… ጉሮሮው ወጣ፣ ወረደ። ጠበቅን። አልሳለም። ደገመችው። አልሳለም። ስሙን ጠየቀችው፤ «ሞላልኝ» አለ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ።

ጨርቁን ፈታችው።

ማንኪያውን ተቀበልሁ… እትዬ አዛለችን ከኮሪደር ጠርቼ ሰጠኋቸው።

«ያጉርሱት። በቀስታ፣ አንዱ ሳይዋጥ ሌላ የለም።»

«እኔ ልገድለው ነበር?» አሉኝ። እጃቸውን ወደ አፉ መራሁ። አጎረሱት።

በዚያው ቀን ባዶው አልጋ ላይ አንዲት እናት አስተኙ። ቀይ ጨርቅ ታሰረላቸው። ልጃቸው ከጎን ቆማ የጭማቂ ጠርሙስ ከፈተች።

እኔ ሳልነሳ እትዬ አዛለች ተነሱ። ጠርሙሱን ቀሟት።

«ምን ዓይነት ሰው ነዎት!» ጮኸች ልጅቱ።

«ስደቢኝ ልጄ… እኔም ተሳድቤያለሁ።»

ዘሟል የእናቲቱ አፍ… እትዬ አዛለች ወንበር ሳቡ፣ ከራስጌያቸው ተቀመጡ።

ጠበቁ።